ከስመዋል የተባሉት ትንንሽ ጋላክሲዎች

ሊዮ ፒ የምትባለው ጋላክሲ ከእኛ 5.3 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ ብቻዋን የምትገኝ ድንክ ናት። ክዋክብቷ በሙሉ ቢደመሩ ክብደታቸው የፀሐይን ግማሽ ሚሊዮን እጥፍ ያህል ነው፤ የእኛዋ የፍኖተ ሐሊብ ክዋክብት ግን በአስር ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ፀሐዮችን ይመዝናሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ክሪስተን ማክኩዊንና ባልደረቦቿ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ከዚህች ድንክ ያመጣውን ምስል ይዘው የክዋክብቷን የትውልድ ታሪክ አወጡ። ሊዮ ፒ በአጽናፈ ዓለሙ ማለዳ ክዋክብት መሥራት ጀመረች፤ ብዙም ሳትቆይ አቆመች፤ ለጥቂት ቢሊዮን ዓመታት አዲስ ኮከብ እምብዛም ሳይወለድባት ኖረች፤ ከዚያ እንደገና ጀመረች፤ እስከ ዛሬም አላቋረጠችም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማቆሟ ብዙም አያስገርምም። ትንሽ ጋላክሲ በዚያ ዘመን ክዋክብት መሥራቷን እንደምታቆም ንድፈ ሐሳቡ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲናገር ቆይቷል። ግራ የሚያጋባው መመለሷ ነው። በተለመደው አነጋገር ለእንዲህ ያሉ ድንኮች ሁለተኛ ዕድል የለም፤ ጋዛቸው ይሞቃል፣ ይበተናል፣ እነሱም ያረጁ ክዋክብታቸውን ይዘው እየደበዘዙ ይቀራሉ። ሊዮ ፒ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ እንግዳ ጠባይ ያላት ተብላ ትታለፍ ነበር። አሁን ግን ከእሷ ጋር የሚቆሙ ሌሎች ጥቂት ጋላክሲዎች ተገኝተዋል፤ እኔ እንደማየው ደግሞ ጥርጣሬያችን ከጋላክሲዎቹ ይልቅ በራሳችን ላይ ሊያርፍ ይገባል። ስለ ትንንሽ ጋላክሲዎች ሕይወትና ሞት የጻፍነውን ታሪክ የሰበሰብነው በአንዲት ትልቅ ጋላክሲ ደጃፍ ከሚገኙት፣ ማለትም ፍኖተ ሐሊብን ከሚዞሩት ነው። የአንድ ሰፈር ወሬ የአገር ታሪክ ሆኖ ተነገረ።

ድንክ ጋላክሲ ሲባል ስፋቱ ብዙ ነው። በላይኛው ጫፍ በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ክዋክብት ያሉት ትልቁ የማጀላን ደመና አለ፤ በታችኛው ጫፍ ጠቅላላ ብርሃናቸው ከጥቂት መቶ ፀሐዮች የማይበልጥ አሉ። በቅርቡ የተገኘው ኡርሳ ሜጀር ሦስት የሚታዩለት ክዋክብት 60 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ጋላክሲ ነው ወይስ ተራ የክዋክብት ስብስብ በሚለው ላይ ክርክሩ አላበቃም። ድንኮች በብዛታቸው ከሌሎቹ ጋላክሲዎች ሁሉ ይበልጣሉ፤ ትልልቆቹም ከእነሱ መዋሃድ እንደተገነቡ ይታመናል። አብዛኛው ክብደታቸው በማይታየው ጨለማ ቁስ የተያዘ ነው፤ ጋዝ አቅፎ የሚይዘው ስበትም ከዚያ ይመጣል። ስበቱ ደካማ በመሆኑ በጋዛቸው ላይ የሚደርስ ማንኛውም ጉዳት በግልጽ ይታይባቸዋል። ተመራማሪዎች ከግዙፎቹ ይልቅ ወደ እነሱ የሚሄዱትም ለዚህ ነው።

የኮከብ ዕድሜ በቀጥታ አይለካም። የፀሐያችንን ዕድሜ እንኳ ያወቅነው ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን መርምረን ነው። ብዙ ክዋክብትን አንድ ላይ ይዞ ግን ዕድሜያቸውን ማውጣት ይቻላል፤ የኮከብን የዕድሜ ርዝመት የሚወስነው ክብደቱ ነውና። የፀሐይን አስር እጥፍ የሚመዝን ኮከብ በ20 እና በ30 ሚሊዮን ዓመት መካከል ነዳጁን ጨርሶ ይፈነዳል። ፀሐይ 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል ትቆያለች። የፀሐይን ስምንት አስረኛ ብቻ የሚመዝን ኮከብ ደግሞ በአጽናፈ ዓለሙ መጀመሪያ ተወልዶ ቢሆን እንኳ ወደ እርጅናው የሚገባው ገና አሁን ነው።

ስለዚህ ተመራማሪው በአንዲት ጋላክሲ ውስጥ ያሉትን ክዋክብት ድምቀታቸውን ወደ ላይ፣ ቀለማቸውን ወደ ጎን አድርጎ በአንድ ሥዕል ላይ ነጥብ በነጥብ ያስቀምጣቸዋል። ሃይድሮጅናቸውን ገና በእርጋታ የሚያቃጥሉት በሰያፍ ይሰለፋሉ፤ ከባዶቹና ሰማያዊዎቹ ከላይ፣ ቀላሎቹና ቀያዮቹ ከታች። ጊዜ እያለፈ ሲሄድ ሰልፉ ከላይ ወደ ታች ይሟጠጣል። ነዳጁን የጨረሰ ኮከብ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ቀይ ግዙፍነት ይታጠፋል። መታጠፊያው የት ላይ እንደሆነ ያወቀ ሰው የትውልዱን ዕድሜ አወቀ ማለት ነው። ከ340 ሺህ የብርሃን ዓመት የማትርቀው ካሪና የምትባለው ድንክ በዚህ ሥዕል ላይ አንድ ሳይሆን ብዙ መታጠፊያ ታሳያለች፤ በትውልዶቿ መካከል የቢሊዮን ዓመታት ክፍተት አለ። ሥዕሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው በዓይኑ ብቻ ይለየዋል። በሌሎች ጋላክሲዎች ግን ትውልዶቹ ተደራርበው ስለሚቀመጡ፣ በኮምፒውተር በሺዎች የሚቆጠሩ የፈጠራ ታሪኮች እየተሠሩ ከእውነተኛው ሥዕል ጋር መተያየት አለባቸው።

ችግሩ ያለው ከታች ነው። የጥንቱ ትውልድ መታጠፊያ የሚገኘው ከፀሐይ ብዙም በማይደምቁ ክዋክብት ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ኮከብ በ5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት፣ ከጎረቤቶቹ ለይቶ፣ ቀለሙን ሳይሳሳቱ መለካት ከምድር ላይ የማይታሰብ ነው። ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ከብዙ ሰዓት ትዕግሥት በኋላ እስከ 3 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት አካባቢ ድረስ ሞክሮታል። ጄምስ ዌብ ያመጣው ለውጥ ይህን ወሰን መግፋቱ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከጥንታዊ ጋላክሲዎች ፎቶ ያላነሰ ዋጋ ቢኖረውም በጋዜጣ ያን ያህል አልተነገረለትም።

የዚህ ዘዴ ሥር የሚጀምረው በጦርነት ዘመን ነው። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዋልተር ባዴ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካሊፎርኒያ ውስጥ በማውንት ዊልሰን የምልከታ ጣቢያ ይሠራ ነበር። አሜሪካውያን ባልደረቦቹ ወደ ጦር ሥራ ሲሄዱ እሱ በዜግነቱ ምክንያት ስላልተፈቀደለት በወቅቱ ከዓለም አንደኛ ከነበረው 100 ኢንች ቴሌስኮፕ ጋር ቀረ። ሎስ አንጀለስ ለጦርነቱ ጥንቃቄ መብራቷን ስትቀንስ ሰማዩ ጠቆረለት። በ1944 የትልቋን ጎረቤታችንን የአንድሮሜዳ ጋላክሲን መሐልና ሁለት ትንንሽ ጎረቤቶቿን ወደ ነጠላ ክዋክብት ለይቶ አወጣና ክዋክብትን በሁለት ትውልድ ከፈላቸው፦ በጋዝ መካከል የሚገኙ ወጣት ሰማያዊዎች፣ ከጋዝ የራቁ ያረጁ ቀያዮች። ክፍፍሉ ለሥነ ፈለክ ትልቅ ውለታ ውሏል። ድንክ ጋላክሲዎችን በተመለከተ ግን ጣጣም አስከትሏል። ድንክ ወይ ያረጀች ወይ ወጣት ናት የሚል ልማድ ተተከለ። ባዴ ካጠናቸው ከሁለቱ አንዷ፣ ኤንጂሲ 205፣ በመሐሏ ወጣት ክዋክብት እንዳሏት በኋላ ታወቀ። ካሪና ደግሞ በሁለቱም ክፍል አትገባም።

እዚህ ላይ አፍሪካም ድርሻ አላት። ፍኖተ ሐሊብን ከሚዞሩት ድምቀት የለሽ ድንኮች የመጀመሪያዎቹ፣ ስካልፕተርና ፎርናክስ፣ በሥነ ፈለክ ተመራማሪው በሃርሎ ሻፕሌይ ስም በ1938 ሲታወጁ ፎቶዎቹ የተነሡት ሃርቫርድ በደቡብ አፍሪካ፣ ብሎምፎንቴይን አጠገብ ከነበረው ጣቢያ ነበር።

አሁን ወደ ተለመደው ታሪክ እንምጣ። አጽናፈ ዓለሙ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከመነሻው ፍንዳታ በኋላ ቀዝቅዞ ጋዙ ሁሉ ገለልተኛ አተም ሆኖ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ክዋክብት ሲበሩ አልትራቫዮሌት ጨረራቸው ከሃይድሮጅን አተሞች ኤሌክትሮኖችን እያላቀቀ ወጣ፤ አንድ ቢሊዮን ዓመት ሲሞላ በጋላክሲዎች መካከል ያለው ጋዝ በሞላ ጎደል ተለውጦ ነበር። ሊቃውንቱ ይህን ዘመን ዳግም አዮናይዜሽን ይሉታል። ኤሌክትሮኑ የተላቀቀበት ጋዝ ወደ 10 ሺህ ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ለፍኖተ ሐሊብ ያህል ስበት ይህ ሙቀት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ለድንክ ግን የጋዙ ቅንጣቶች ፍጥነት ከምታቅፍበት ስበት በላይ ይሆናል፤ አዲስ ጋዝ አይገባላትም፣ ያላትም ቀስ እያለ ያመልጣታል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጆርጅ ኤፍስታቲዩ ይህን በ1992 ጽፎታል።

ሐሳቡ ተወዳጅ የሆነው ሌላ ራስ ምታት ስላቃለለ ነው። በ1999 ሁለት ቡድኖች በኮምፒውተር በሠሩት ስሌት ፍኖተ ሐሊብን የሚያህል ጋላክሲ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጨለማ ቁስ ጉብታዎች ሊከቡት እንደሚገባ አሳዩ፤ በዚያን ጊዜ የታወቁት ጎረቤቶች ደግሞ ከአስራ ሁለት አይበልጡም ነበር። የቀሩት የት ገቡ? ዳግም አዮናይዜሽን መልስ ሰጠ፦ ጉብታዎቹ አሉ፣ ኮከብ ግን አልበራባቸውም። ከ2005 ጀምሮ ከስሎን የሰማይ ቅኝት ፎቶዎች እጅግ ደብዛዛ ድንኮች ሲገኙ ታሪኩ ይበልጥ ተጠናከረ። በ2014 ቶማስ ብራውንና ባልደረቦቹ በሀብል ስድስት እንዲህ ያሉ ድንኮችን መርምረው ከክዋክብታቸው 80 በመቶው ከ12.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ ሁሉም ደግሞ ከ11.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት ተወልደው እንዳለቁ አስታወቁ። ስድስቱም ተመሳሳይ፣ ስድስቱም ከዚያ በኋላ ዝም ያሉ። ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ የሚፈልግ ሰው ሞገደኛ ይመስል ነበር።

ነገር ግን ስድስቱም የፍኖተ ሐሊብ ጎረቤቶች ናቸው። ትልቅ ጋላክሲን የሚዞር ድንክ ጋዙን የሚያጣበት ሌላ መንገድ አለ፤ በትልቁ ጋላክሲ ዙሪያ ባለው ሞቃት ጋዝ ውስጥ ሲያልፍ የራሱ ይገፈፋል። ከ11 ቢሊዮን ዓመት በፊት እነዚህ ድንኮች የት ነበሩ? ወደ ፍኖተ ሐሊብ መቼ ገቡ? ከእሷ ጋር ስላደጉ የደረሰባቸው የጨረር መጠን በባዶው ሜዳ ካለችው ድንክ ጋር እኩል ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች ተጠይቀው ነበር፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ድንክ ግን አልነበረም። ብቸኛዎቹ ድንኮች ለሀብል ሩቅ ነበሩ።

ጥቂቶቹ ግን ያን ያህል አይርቁም ነበርና ማስጠንቀቂያው ቀደም ብሎ መጥቷል። በ2007 አንድሩ ኮልና ባልደረቦቹ ሊዮ ኤ የተባለችውን ብቸኛ ድንክ መርምረው ከክዋክብቷ 90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ባለፉት 8 ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ እንደተወለዱ አገኙ። ጥንታዊ ክዋክብት አሏት፣ ነገር ግን ጥቂት። በ2014 ይኸው ተመራማሪ አኳሪየስ በምትባለው ሌላ ብቸኛ ድንክ ላይ ተቀራራቢ ነገር አየ፤ እዚያም ዋናው የክዋክብት ልደት ዘግይቷል። ሁለቱ ውጤቶች በደንብ ታውቀዋል፣ በደንብም ተጠቅሰዋል፤ ይሁንና እንደ ልዩ ሁኔታ ነበር የሚታዩት። ቁጥራቸው ሁለት ስለሆነ ይህን ማለት ስህተት አልነበረም።

ከዚያ ጄምስ ዌብ መጣ። ቴሌስኮፑ ሥራ እንደጀመረ ከተካሄዱት የመጀመሪያ ፕሮጀክቶች አንዱ፣ በበርክሊው ዳንኤል ዋይዝ የሚመራው፣ ወደ ደብሊው ኤል ኤም ዞረ። ይህች ድንክ በ1909 በማክስ ቮልፍ የታየችና 3 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የምትርቅ ናት። የተገኘው ታሪክ ያው ነው፦ ቀደም ያለ አጀማመር፣ መቀዛቀዝ፣ እንደገና መነሣት። ከዚያ ሊዮ ፒ ተከተለች። የማክኩዊን ቡድን ያሳተመው ጽሑፍ አራቱን አንድ ላይ አሰልፎ የሚታየው ከዳግም አዮናይዜሽን በኋላ የመጣ እረፍት ይመስላል ይላል። (የደብሊው ኤል ኤም ምስሎች እንደተነሡ ያለ ምንም የባለቤትነት ጊዜ ለሁሉም ክፍት ስለሆኑ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያለ የማስተርስ ተማሪም ይህን ሥዕል ከጥሬው መረጃ ራሱ መሥራት ይችላል፤ የሚያስፈልገው ደህና ኮምፒውተርና ትዕግሥት ነው።)

ሊዮ ፒ ከአራቱ እጅግ ትንሿ ናት፤ ክብደቷ የሚናገረውም ብዙ ነው። እንደ እሷ ያለች ትንሽ ሁለተኛ ዕድል ካገኘች ወሰኑ ከገመትነው ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው። ከክዋክብቷ አንድ እጅግ ከባድና ሰማያዊ ኮከብ ብቻ ዙሪያውን ያለውን ጋዝ እያበራ ይታያል። በጋዟ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በፀሐይ ካለው 3 በመቶ ያህል ነው፤ ይባስ ብሎ ክዋክብቷ ካመረቱት ኦክስጅን ውስጥ በእጇ የቀረው 5 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ ይኸው የማክኩዊን ቡድን ከዓመታት በፊት አስልቷል። ቀሪው በሱፐርኖቫ ፍንዳታ ተጠርጎ ወጥቷል። አጠገቧ የሚገፍፋት ትልቅ ጋላክሲ የለም። ራሷ በራሷ ላይ ያደረገችው ነው፤ እንዲህም ሆኖ ጋዝ አላት።

ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ የሚያጠብቁ ግኝቶችም አሉ። በ2023 የታወቀችው ፔጋሰስ ደብሊው ከአንድሮሜዳ ክልል ውጭ ያለች፣ ከሊዮ ፒም እጅግ የደበዘዘች ናት፤ በዳግም አዮናይዜሽን ትከስማለች በሚባለው መጠን ውስጥ ትገባለች፣ ክዋክብቷ ግን ከዚያ ዘመን በኋላ ለቢሊዮኖች ዓመታት ሲወለዱ ቆይተዋል። በ2025 አሌሳንድሮ ሳቪኖና ባልደረቦቹ ሀብል በምድር ዙሪያ ከሚያደርጋቸው ዙሮች ከ1,000 በላይ የተጠቀመበትን የአንድሮሜዳ ቅኝት አወጡ፤ 36 የአንድሮሜዳ ጎረቤት ድንኮች ተመረመሩ። ብዙዎቹ የፍኖተ ሐሊብ አቻዎቻቸው ዝም ካሉ በኋላ እንኳ ክዋክብት መሥራታቸውን ቀጥለው ነበር። ሁለቱ ትልልቅ ጋላክሲዎች 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ብቻ ነው የሚራራቁት፤ ጎረቤቶቻቸው ግን አንድ ዓይነት ታሪክ የላቸውም። ለእኔ ከሁሉም ጠንካራው ማስረጃ ይህ ነው፣ ቁጥሩ ትልቅ ነውና። ፍኖተ ሐሊብ ናሙና ልትሆን አትችልም የሚለው ከዚህ በኋላ ክርክር አያስፈልገውም።

በፍኖተ ሐሊብ ዙሪያም ቢሆን ልዩነት አለ። በ2021 ኤሌና ሳኪና ባልደረቦቿ ከማጀላን ደመናዎች ጋር አብረው እንደመጡ የሚገመቱት ደብዛዛ ድንኮች ከሌሎቹ በ600 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዘግይተው ክዋክብት መሥራት እንዳቆሙ ጠቁመዋል። ደመናዎቹ ወደ ፍኖተ ሐሊብ የቀረቡት በቅርብ ጊዜ ስለሆነ፣ አጃቢዎቻቸው ያደጉት ከእሷ ርቀው ነበር።

እነዚህን ደመናዎች ለማየት ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። በጥር አጋማሽ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ከከተማ መብራት ርቆ ወደ ደቡብ የሚያይ ሰው ትልቁን የማጀላን ደመና ከአድማስ በላይ ያገኘዋል፤ በአዲስ አበባ ኬክሮስ ከፍታው 11 ዲግሪ ያህል ነው፣ ወደ ደቡብ ኦሞ ሲወረድ ትንሽ ይጨምራል። ዝቅ ያለ ስለሆነ ተራራና ጭጋግ ሊጋርደው ይችላል። 160 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቆ ያለ ድንክ ጋላክሲ በባዶ ዓይን ማየት ግን የሰሜኑ ዓለም ሊቃውንት ከቤታቸው የማያገኙት ዕድል ነው። ይህ ድንክም የራሱ እንቆቅልሽ አለው። ከክዋክብት ስብስቦቹ መካከል ዕድሜያቸው ከ3 ቢሊዮን ዓመት በታች የሆኑ ብዙ፣ ከ12 ቢሊዮን ገደማ የሚበልጡም ጥቂት አሉ፤ በመካከሉ ግን አንድ ብቻ በእርግጠኝነት ይታወቃል። እዚህም እረፍት ነበር ለማለት ያስመኛል። በስብስብ ያልታቀፉት ተራ ክዋክብት ግን ያን ያህል ክፍተት ስለማያሳዩ በስብስቦቹ ብቻ ታሪኩን መጻፍ ያሳስታል። ደግሞም ይህ ጋላክሲ ዳግም አዮናይዜሽን ሊያስቆመው ከሚችለው እጅግ የከበደ ነው፤ ክፍተት ሁሉ ከአንድ ምክንያት አይመጣም።

ታዲያ ዝም ያለች ድንክ እንዴት ትመለሳለች? አንዱ ሐሳብ ጋዙ ከመጀመሪያውም ሙሉ በሙሉ አልሄደም የሚል ነው፤ ሞቆና ሰፍቶ በጨለማ ቁሱ ጉብታ ጠርዝ ላይ ቆየ። አልትራቫዮሌቱ ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እየደከመ ሲሄድ፣ ጉብታው ደግሞ በክብደት ሲያድግ፣ ጋዙ ቀዝቅዞ ተመልሶ ገባ። በ2020 ማርቲን ሬይና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር ያሳደጓቸው ድንኮች ይህን አድርገዋል፤ አንዳንዶቹ ለቢሊዮን ዓመታት ዝም ብለው ጋዝ ሲያጠራቅሙ ከቆዩ በኋላ ተነሡ። ሌላው ሐሳብ ድንኳ በጋላክሲዎች መካከል ባለ የጋዝ ጅማት ውስጥ ስታልፍ አዲስ ስንቅ ትይዛለች የሚል ነው። ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ብቸኝነት ይጠቅማል። በትልቅ ጋላክሲ አጠገብ ያለች ድንክ በእረፍቷ ጊዜ ጋዟ ልል ሆኖ ስለሚቀመጥ ለመገፈፍ ትመቻለች። የፍኖተ ሐሊብ ጎረቤቶች የሞቱት በጨረሩ ነው ወይስ በእረፍታቸው ላይ ሳሉ ተዘርፈው ነው የሚለው ለእኔ ገና ክፍት ነው፤ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

የማደላበት ነገር ግን ችግር አለበት፤ ኤሪዳነስ ሁለት። ይህች ድንክ 1.2 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ ከፍኖተ ሐሊብ ጫፍ ውጭ ናት። በ2021 ካርሜ ጋላርትና ባልደረቦቿ በሀብል ሲመረምሯት ክዋክብቷ ማለት ይቻላል በሙሉ ግማሽ ቢሊዮን ዓመት ባልሞላ አጭር ጊዜ ተወልደው ነገሩ እንዳበቃ አገኙ። ዘራፊ አጠገቧ የለም፣ አልተመለሰችም። ቡድኑ ጨረሩን ትቶ የራሷ ሱፐርኖቫዎች ጋዟን ጠርገው ለማውጣት የሚበቃ ጉልበት እንደነበራቸው አስልቷል። ሊዮ ፒ ኦክስጅኗን እንዳጣችው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይህችኛዋ ሁሉንም ማጣቷ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ የሰዓቱ ጉዳይ አለ። በክዋክብት ሥዕል ላይ የ12 ቢሊዮን ዓመት ትውልድ ከ13 ቢሊዮን ዓመት ትውልድ በጭንቅ ነው የሚለየው። የክዋክብት እርጅና ስሌት፣ በውስጣቸው ያለው የከባድ ንጥረ ነገር መጠን፣ የጋላክሲዋ ርቀት፤ ከእነዚህ በአንዱ ላይ የሚሠራ ትንሽ ስህተት ዕድሜውን በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ያዛንፈዋል። ዳግም አዮናይዜሽን ደግሞ በአንድ ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ተጀምሮ ያለቀ ነው። ድርጊቱ ከሰዓቱ ስህተት ያጠረ ነው ማለት ነው። ስለዚህ እረፍቱ ከዚያ ዘመን በኋላ መጣ ማለት ይቻላል፤ በዚያ ዘመን ምክንያት መጣ ለማለት ግን ከሥዕሉ የማይገኝ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። አንዳንድ የዜና ዘገባዎች ይህን መስመር በቀላሉ ተሻግረውታል። የማክኩዊን ቡድን ጽሑፍ ራሱ ይበልጥ ይጠነቀቃል።

ያ ሌላ ማስረጃ ከሩቁ ሰማይ መምጣት ጀምሯል። በ2024 ሃኪም አቴክና ባልደረቦቹ በጄምስ ዌብ፣ ስበቱ ብርሃን በሚያጎላ የጋላክሲዎች ክምችት በኩል አሻግረው፣ በዳግም አዮናይዜሽን ዘመን የነበሩ ስምንት ደብዛዛ ድንኮችን ለዩ። ከተገመተው አራት እጥፍ ያህል አልትራቫዮሌት ያመነጩ ነበር። ያን ዘመን ያመጡት በአብዛኛው ድንኮቹ ራሳቸው ናቸው የሚለው መደምደሚያ ከዚህ ወጣ። እውነት ከሆነ ጋዛቸውን ያሞቀው ብርሃን የገዛ ወገኖቻቸው ብርሃን ነው፤ የትኛዋ ድንክ መቼ እንደተመታች ደግሞ በአጠገቧ ስንት ሌሎች እንደነበሩ ይወስነዋል። በሰፈር መለያየት እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረ ሊሆን ይችላል።

በፍኖተ ሐሊብ ጎረቤቶች ናሙና ላይ ያነሣሁት ስጋት በብቸኞቹ ድንኮች ላይም ይሠራል። ሊዮ ፒ የተገኘችው በክዋክብቷ አይደለም። በ2013 ያወጧት በፖርቶ ሪኮ በነበረው 305 ሜትር የአሬሲቦ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ የሃይድሮጅን ጋዝ ሲፈልጉ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ጋዙ ታየ፣ ከዚያ ክዋክብቱ ተፈለጉ። (አሬሲቦ በታኅሣሥ 2020 ተደርምሷል።) ጋዝ የሌላት ብቸኛ ድንክ በዚህ ወጥመድ አትያዝም። በጋዝ የሚገኙት ሁሉ ከእረፍታቸው የተመለሱት ከሆኑ፣ ያልተመለሱት ገና ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። በፍኖተ ሐሊብ ደጃፍ የሞቱትን ብቻ ቆጥረን እንደነበረው ሁሉ፣ አሁን በሜዳው በሕይወት ያሉትን ብቻ እየቆጠርን ሊሆን ይችላል። በ2022 ዴቪድ ሳንድና ባልደረቦቹ ያወጧት ቱካና ቢ ይህን ታስታውሳለች፦ 4.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቃ ብቻዋን ያለች፣ ጋዝ የሌላት፣ ወጣት ኮከብም የማይታይባት ድንክ። የተገኘችው የሰማይ ፎቶዎችን በዓይን በማየት ነው።

በቺሊ፣ ሴሮ ፓቾን ላይ ያለው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ በሰኔ 2025 የመጀመሪያ ምስሎቹን አሳይቷል። 8.4 ሜትር መስተዋት አለው፤ የደቡቡን ሰማይ ለአስር ዓመት ደጋግሞ ያነሣል፤ እንደ ቱካና ቢ ያሉትን ጋዝ ሳያስፈልጋቸው በክዋክብታቸው ብርሃን ብቻ ለማውጣት ከማንኛውም ቀዳሚ ይበልጣል። የጥንቱን መታጠፊያ ግን ራሱ አያነብም፤ ለእያንዳንዷ የጄምስ ዌብ ወይም የሀብል የብዙ ሰዓት ጊዜ መለመን ይኖራል፣ ያም ጊዜ ከሚጠየቀው እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ በሚቀጥሉት ዓመታት መከታተል ያለበት ቁጥር አንድ ነው፦ በባዶው ሜዳ ካሉት፣ ክብደታቸው በሊዮ ፒ አካባቢና ከዚያ በታች ከሆኑት ድንኮች ውስጥ፣ ሊዮ ፒን የሚመስሉት ስንት፣ ቱካና ቢን የሚመስሉት ስንት።